ታዲያ ምን ትሠራለህ? ማኔጅመንት ለመምረጥ ለሚያስቡ የሀዋሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

(አንደኛ ዓመት ጨርሰው ዲፓርትመንት ሊመርጡ ላሉ ተማሪዎች ሀዋሳ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከቅጂው ላይ ስገለብጠው ማይክ የጠፋበትንና እኔ የተደናቀፍኩበትን አውጥቻለሁ። ሌላውን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ይሰማል? እሺ።

የተመረቅኩ ሰሞን ይርጋለም አክስቴ ጋ ሄድኩ። ዶሮ ሠርታ፣ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ጠበቀችኝ። ሰው ሁሉ ባለበት "ምን ነበር የተማርከው?" አለችኝ። "ማኔጅመንት" አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገች። "የፊት ለፊቷ ልጅ ነርስ ናት፤ መርፌ ትወጋለች። የታችኛው ቤት ልጅ ሰርቬየር ነው፤ መሬት ይለካል። አንተ ታዲያ ምን ትሠራለህ?"

"አስተዳድራለሁ" አልኳት።

"ማንን?" አለችኝ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን እንጀራው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሦስት ዓመት ተምሬ (በእኛ ጊዜ ሦስት ነበር፣ አራት የሆነው ከ2012 ጀምሮ የፍሬሽማን ዓመት ሲመጣ ነው) ለዚህች ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የምነግራችሁ በሙሉ ለአክስቴ ያኔ ልመልስላት የሚገባኝን ነው።

መጀመሪያ ይሄ ትምህርት ምንድን ነው? አንዱ ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት ይለዋል፣ ሌላው ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን፤ ውስጡ ግን ብዙ አይራራቅም። አካውንቲንግ አለው፣ ኢኮኖሚክስ አለው፣ ስታቲስቲክስ፣ ማርኬቲንግ፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ፋይናንስ፣ የንግድ ሕግ፣ ኦፕሬሽን፣ የዕቃ አስተዳደር፣ ኢንተርፕረነርሺፕ። ከየወጡ አንድ አንድ ጭልፋ የወጣበት በያይነቱ ማለት ነው። በያይነቱ ያጠግባል፣ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ስትመረቁ ነው። ቀጣሪው ሽሮ የሚችል ሰው ነው የሚፈልገው፤ እናንተ ደግሞ ሁሉንም ቀምሳችኋል እንጂ አንዱንም አልሠራችሁትም።

ግቢ ውስጥ የሚወራውን አውቃለሁ። "ማኔጅመንት አካውንቲንግ ያልደረሰው የሚገባበት ነው" ይባላል። እኛም ጋ ይባል ነበር። እውነት ለመናገር ክፍላችን ውስጥ ግማሹ ፈልጎ የገባ አልነበረም፤ እኔም አንዱ ነኝ። ሳትፈልጉ መግባት ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ሳትፈልጉ ገብታችሁ አራቱንም ዓመት እንደተኮራረፋችሁ መጨረስ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ስትገቡ ፈዮል የሚባል ሰው ታገኛላችሁ። ፈረንሳዊ ነው፣ የማዕድን መሐንዲስ። አሥራ አራቱን የአስተዳደር መርሆዎች የጻፈው እሱ ነው፤ እናንተም ለፈተና በቃላችሁ ትይዟቸዋላችሁ። ከዚያ ጉሊክ ይመጣል፣ በ1937 በፈረንጆቹ ያወጣት "ፖስድኮርብ" የምትባል ነገር አለች፣ የሥራ አስኪያጅ ተግባራት በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቸው ተገጣጥሞ፤ ተማሪው እንደ መዝሙር ነው የሚላት። ለፈተናው ችግር የለውም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፈዮል መጽሐፉን በ1916፣ ይሄም በፈረንጆቹ ነው፣ ሲያወጣ ሰባ አምስት ዓመቱ ነበር። አንድ የማዕድን ኩባንያ ከ1888 ጀምሮ ሲመራ ኖሯል። ሰውዬው ሰላሳ ዓመት ገደማ ሠርቶ፣ ሠራተኛ ተቆጥቶ፣ ሠራተኛ ለምኖ፣ ከስሮና አትርፎ ያየውን ነው የጻፈው። እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ ሠርተን ሳናውቅ ነው የምንሸመድደው። "የትእዛዝ አንድነት" (ለአንድ ሠራተኛ አንድ አለቃ) የሚለው መርሆ ሁለት አለቃ በአንድ ቀን ሁለት ተቃራኒ ሥራ አዝዞት ላላየ ልጅ ምንም አይለውም። ላየው ሰው ግን ያንገበግበዋል። ስለዚህ ትምህርቱ ባዶ ነው የሚሏችሁን አትስሙ፤ የተማርነው ከሥራው በፊት ሆኖብን ነው።

እኔ ነገሩ የገባኝ በአንድ ጭነት መኪና ነው። ላውራችሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ እዚሁ ሀዋሳ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም። የሥራ መደቤ "ጁኒየር አድሚን ኦፊሰር" ይላል፤ የምሠራው ፎቶ ኮፒ፣ ማህተም መምታት፣ ደብዳቤ መጻፍ። ማኔጅመንት የተማረ ሰው የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ከወዲሁ እወቁት። ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የሚጀምር አባቱ ድርጅት ያለው ነው።

ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ተዘጋና ቆጠራ ተደረገ። አካውንታንቱ መዝገብ ላይ ያለው ዕቃ ስቶር ውስጥ ከተቆጠረው 140 ካርቶን ይበልጣል። መቶ አርባ ካርቶን የት ገባ? ስቶር ኪፐሩ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ እርሳቸው ቢን ካርዳቸውን ዘርግተው "እኔ ጋ የገባው ይሄው፣ የወጣው ይሄው፣ ቀሪው ይሄው" ይላሉ። አንዲት ስርዝ የላትም። አካውንታንቱ ደግሞ የሻጩን ደረሰኝ ይዞ "ይኸው ገዝተናል" ይላል። ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። በአራተኛው ቀን አለቃዬ ጠራኝና "ለስቶር ኪፐሩ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፍ፣ ጉድለቱን ከደመወዛቸው እንቆርጣለን" አለኝ።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። "ጉዳዩ፦" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ደብዳቤው ላይ የደረሰኙን ቁጥርና ቀን መጻፍ ስላለብኝ ደረሰኙን አየሁት። ሰኔ 28 ይላል። የጥበቃዎቹን መዝገብ ለማየት ወደ በር ወረድኩ። መኪናው ግቢ የገባው ሰኔ 29 ከመሸ ነው። ጫኝና አውራጅ ስላልነበረ ሸራ እንደለበሰ አድሮ፣ በማግስቱም ቆጠራ ነው ተብሎ ሳይራገፍ ውሎ፣ ሐምሌ 1 ጠዋት ነው የተራገፈው። አያችሁት? አካውንታንቱ ደረሰኙ በተጻፈበት ቀን መዝግቧል። ጋሼ ዕቃው እጃቸው በገባበት ቀን መዝግበዋል። ቆጠራው የተደረገው በመሀል ነው፤ ዕቃው ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ስር፣ መኪና ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ። የተሰረቀ ነገር የለም። ሁለቱም በየሙያቸው ልክ ናቸው።

እኔ ሁለቱንም ኮርስ ስለወሰድኩ ነው ያየሁት። አካውንቲንግ ክፍል ውስጥ በጀት ሲዘጋ የትኛው ግብይት በየትኛው ዓመት እንደሚገባ ተምሬአለሁ፤ ውጤቴ ሲ ነበር፣ ግን ተምሬአለሁ። ዕቃ አስተዳደር ላይ ደግሞ ቢን ካርድ ምን እንደሚል ተምሬአለሁ። መንግሥት ቤት ቢሆን ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ የሚቆረጠው ዕቃው ተቆጥሮ ሲገባ ነው፤ ያው ነገር ነው። አካውንታንቱ ከእኔ አሥር እጥፍ ሂሳብ ያውቃል፤ ግን ፎቅ ላይ ነው የሚሠራው፣ ስቶር ወርዶ አያውቅም። ጋሼ ስቶራቸውን እንደ ኪሳቸው ያውቁታል፤ ሂሳብ መዝገብ ግን ከፍተው አያውቁም። በሁለቱ መሀል ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ አንድ ሰው ጠፍቶ ነው።

ደብዳቤው ቀረ። ጋሼ ምንም አላሉኝም፤ በሳምንቱ ግን ጠረጴዛዬ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ አገኘሁ።

ማኔጅመንት የተማረ ሰው ሥራው ያ ነው። ሂሳብ ሠራተኛው የሚለውን ለስቶሩ፣ ስቶሩ የሚለውን ለሽያጩ፣ ሽያጩ የሚያማርረውን ለምርት ክፍሉ በሚገባቸው ቋንቋ መንገር። ሁሉም ከየራሱ ሰነድ ጋር ልክ ሆኖ ድርጅቱ የሚሳሳትበት ቦታ አለ፤ እዚያ ቦታ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። በያይነቱ መብላታችሁ የሚጠቅማችሁ እዚያ ነው።

ሀዋሳ መማር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ይሄን ሳትጠቀሙበት እንዳትወጡ። ስትራቴጂክ ማኔጅመንት ላይ "ውጫዊ አካባቢ" የሚል ምዕራፍ አለ። ፖለቲካው፣ ኢኮኖሚው፣ ሕጉ ድርጅትን እንዴት እንደሚነካ ይዘረዝራል። አሰልቺ ነው። ግን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ይኸው እዚህ ነው። በ2008 ሐምሌ ላይ ተመርቆ ተከፈተ፤ ሃምሳ ምናምን ሼድ አለው፣ ዋና ሥራው ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ መላክ ነው። ወደ አሜሪካ የሚላከው አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ምክንያቱ ጦርነቱ ነው፤ ሼድ ውስጥ ካለች ልጅ ስፌት ጋር የሚገናኝ ነገር የለውም።

አሁን አስሉት። የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ መደበኛ ቀረጡ 16.5 በመቶ ነው። አንዱ ቲሸርት ለምሳሌ በ3 ዶላር ቢሸጥ ወደ 50 ሳንቲም ቀረጥ መጣበት ማለት ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ፋብሪካው ከአንድ ቲሸርት የሚተርፈው በሳንቲም የሚቆጠር ነው። ቀረጡን የሚከፍለው አስመጪው ቢሆንም "ዋጋ ቀንሱልኝ ወይም ሌላ አገር እሄዳለሁ" ይላል። ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ትእዛዝ ይቀንሳል፣ ሼድ ይዘጋል፣ ልጆቹ ወደየመጡበት ይመለሳሉ፣ አራት ሆነው የተከራዩት ክፍል ባዶ ይሆናል፣ የሽሮ ቤቷ ሴትዮ ድስቷን ታሳንሳለች፣ ማታ ፓርኩ በር ላይ የሚሰለፈው ባጃጅ ሌላ መስመር ይፈልጋል። መጽሐፉ ውስጥ አንድ መስመር የሆነችው ነገር እዚህ በእግር የምትሄዱበት ሰፈር ናት። ለመምህራችሁ "ውጫዊ አካባቢ ማለት..." ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ባጃጅ ሾፌር ጠይቁ።

ብሩም እንደዚያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። እኛ ፋይናንስ ስንማር "የምንዛሪ ስጋት" የሚል ርዕስ ተዘልሎ ነው ያለፈው፤ መምህሩ "ይሄ ለእኛ አገር ብዙም አይሠራም" ብሎ። አክሲዮን ገበያም እንደዚያው፣ ምሳሌው ሁሉ የኒውዮርክ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አለ፣ ጥር 2017 ነው ሥራ የጀመረው። ስለዚህ ከሲኒየር የወረሳችሁትን ሃንድአውት ቀኑን አይታችሁ አንብቡ። የንግድ ሕጉም ተቀይሯል። የ1952ቱ ሕግ በ2013 በአዋጅ 1243 ተተክቷል። ድሮ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ሁለት ሰው ግድ ነበር፤ ሰው ለስሙ ብቻ ወንድሙን ወይም ሚስቱን ያስገባ ነበር፣ በኋላ ሲጣሉ ጉድ ነው። አሁን አንድ ሰው ብቻውን ማቋቋም ይችላል። እኔ ሥራ ለቅቄ የራሴን ትንሽ ቢሮ ስከፍት (ለሱቆችና ለአነስተኛ ድርጅቶች ስቶርና ሂሳብ እናደራጃለን፣ ሦስት ነን) የጠቀመኝ ይሄ ነው። አሮጌውን ሃንድአውት የያዘ ጓደኛዬ "ሸሪክ ከየት ታመጣለህ?" እያለ ይከራከረኝ ነበር።

ወደ ክፉው ልምጣ። ሥራ።

ማስታወቂያ ታያላችሁ፤ ቴሌግራም ላይም ግድግዳ ላይም አንድ ነው። "በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ።" ይቺ "ተዛማጅ" የምትል ቃል ወዳጃችሁም ጠላታችሁም ናት። እናንተ በብዙ ማስታወቂያ መወዳደር ትችላላችሁ፤ ግን በሁሉም ላይ ሁሉም ይወዳደራችኋል። ለአንድ የባንክ ቦታ ስታዲየም የሚሞላ ሰው ይመጣል። እዚያ ሰልፍ ላይ ውጤታችሁ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይለያችሁም፤ ከፊታችሁም ከኋላችሁም የቆመው ጥሩ ውጤት አለው።

እኔ ሰው ስቀጥር የምጠይቀው አንድ ነው። "ሰኞ ጠዋት ብትገቢ ማንም ሳያሳይሽ ምን መሥራት ትችያለሽ?" አብዛኛው ልጅ "ማንኛውንም የሚሰጠኝን ሥራ" ይለኛል። ያ መልስ አይደለም። የቀጠርኳት ልጅ ግን "የደመወዝ ፔይሮል እሠራለሁ" አለችኝ። ኤክሴል ሰጠኋት። የሠራተኛውን ጡረታ 7 በመቶ ቀነሰች፣ የአሠሪውን 11 በመቶ ለብቻ አወጣች፣ የሥራ ግብሩን በአዲሱ እርከን አሰላች። እዚያው ቁጭ ብላ! የክፍሏ አንደኛ አይደለችም። ፔይሮል የተማረችው ክረምት ላይ አንድ የአጎቷ ጓደኛ ቢሮ በነፃ ስታግዝ ነው።

እና በያይነቱን ብሉ፤ ግን አንዱን ወጥ ራሳችሁ ሥሩ። ፔይሮል ይሁን፣ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ይሁን፣ የስቶር አያያዝ ይሁን፣ የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት ይሁን፤ መምረጡ የእናንተ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሳያልቅ ያዙት። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ስላለ አራተኛ ዓመት ጭንቅላታችሁ እዚያ ነው የሚሆነው፣ 50 ካላመጣችሁ ዲግሪው የለም፣ ሌላ ነገር ለመልመድ ጊዜ አይኖራችሁም።

የመመረቂያ ሪሰርቹንም አታባክኑት። በየዓመቱ የሚጻፈውን ታውቃላችሁ፦ "ማበረታቻ በሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በእንትን ባንክ እንትን ቅርንጫፍ።" የባንኩን ስም እየቀየሩ። መጠይቁ ይበተናል፣ የባንኩ ሠራተኛ ምሳ ሰዓት ላይ ሳያነብ "እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" ብሎ ሞልቶ ይመልሳል። መደምደሚያውም ማበረታቻ ጥሩ ነው። ይሄን ለማወቅ ሰማንያ ገጽ አያስፈልግም። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ከጀልባው ወርዶ ሳህን ላይ እስኪቀርብ ስንት እጅ እንዳለፈና በየእጁ ስንት ብር እንደተጨመረበት ብትጽፉ እኔ ገዝቼ አነበዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ለልምምድ ከመጡ ሁለት ተማሪዎች ጋር ያደረግነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ግቢው በር አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። "እትዬ፣ ሂሳብሽን እንሥራልሽ?" አልናት። "ሥሩ፣ ቡናውን ግን ትከፍላላችሁ" አለች። ልጆቹ ወረቀት አወጡ። አንዱ ስኒ 20 ብር ይሸጣል። ቡናው፣ ስኳሩ፣ ፈንዲሻው ሲደመር በስኒ ወደ 10 ብር ወጣ። ከሰሉ፣ የቦታው ኪራይ፣ የምታግዛት ልጅ አበል ደግሞ በቀን 420 ብር። ስለዚህ 42 ስኒ ስትሸጥ ወጪዋን ትችላለች፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸው "ብሬክ ኢቨን!" አሉ። እሷ ደግሞ ጀበናውን እየቀዳች "ከምሳ በኋላ የሚመጣው የኔ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው የከሰሉ ነው" አለች። ቁጥራችንን ሳናሳያት። ልጆቹ ዝም አሉ።

እሷ የማታውቀውም ነበረ። በቀን ዘጠና ስኒ ሸጣ 480 ብር ይተርፋታል፤ ግን ከንጋት እስከ ምሽት የምትቀመጥበትን የራሷን ድካም በአንድ ብር አልቆጠረችውም። በእሷ ቦታ ሰው ቀጥራ 300 ብር ብትከፍል የሚቀራት 180 ነው። ይሄን ስንነግራት ረጅም ጊዜ አላወራችም። "እሱን ባትነግሩኝ ይሻለኝ ነበር" አለች በመጨረሻ። ምን እንደምመልስላት እስካሁን አላውቅም፤ ሂሳቡ ልክ ነው፣ ግን እኔ ራሴ ለእናቴ ሱቅ እንዲህ ብዬ አስልቼላት አላውቅም።

ከዚያ ዱቤስ ስንላት አንዲት የተበጣጠሰች ደብተር አወጣች። ስም የለም። የሁሉንም ስም ስለማታውቅ በመልክ ነው የምትጽፈው። "ረጅሙ ኢንጂነር 80። መነጽሯ 40። የሚያስለው ልጅ 120።" አንዳንዱ ተሰርዟል፣ ከፍሏል። አንዳንዱ ላይ "ተመረቀ" ብላ ጽፋ ትታዋለች። ልጆቹ ይሄ በመጽሐፉ "የማይሰበሰብ ተሰብሳቢ" የሚባለው ነው አሏት። እሷ "እኛ ምርቃት ነው የምንለው" አለች።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ ማይኩ ይዞራል። አዎ፣ አንቺ፣ ከኋላ ያለሽው። ግን በፊት አንድ መልእክት አለብኝ፣ ስመጣ በሩ ላይ አግኝታኝ ነው የላከችኝ፦ ባለ ጊታሩ፣ እዚህ ውስጥ ካለህ፣ 340 ደርሰሃል።